ከሻማ ቁራጭ እስከ ቪዲዮ ፋይል፦ የጆሴፍ ፉሪዬ ሕይወት

ሲግናልስ ኤንድ ሲስተምስ የሚባለውን ኮርስ ወስዶ የፉሪዬን ስም የማያውቅ ተማሪ በዲፓርትመንታችን አይገኝም። ችግሩ የምናውቀው እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ፎርሙላ መሆኑ ነው። ፈተና ሲደርስ ይሸመደዳል፣ ፈተናው ሲያልቅ ይረሳል። የት ተወለደ፣ ምን ሠራ፣ ማን ተቃወመው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ሰውየውን ለማወቅ የፈለግሁት በቪዲዮ ምክንያት ነው። የድሮ ካሴትና ቪሲዲ ወደ ኮምፒውተር ፋይል ስለምቀይር፣ ፍላሽ ይዘው የሚመጡ ጓደኞቼ የሚያነሱት ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ምስሉ ለምን እንደ ወለል ሴራሚክ በአራት ማዕዘን ተከፋፈለ? የፊደሉ ዙሪያ ለምን ይርመሰመሳል? ፋይሉን በትልቅ ቢትሬት ደግሜ ብቀይረውስ ለምን አይጠራም? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ወደ ኋላ ሲከተሉት ከ200 ዓመት በፊት ወደ ኖረ አንድ ፈረንሳዊ ያደርሳል። በዚህ ጽሑፍ የሰውየውን ሕይወትና የቪዲዮዎቻችንን በሽታ አንድ ላይ ለማቅረብ እሞክራለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዣን ባፕቲስት ጆሴፍ ፉሪዬ ማርች 21 ቀን 1768 ኦክሴር በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተች፤ በዓመቱ ደግሞ አባቱ ተከተላትና ልጁ ያለ ወላጅ ቀረ። በቤኔዲክቲን መነኮሳት ይመራ በነበረው የከተማዋ ወታደራዊ ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረ። 13 ዓመት ገደማ ሲሆነው የሒሳብ ፍቅር ያዘው። ቀን ቀን የተረፈ የሻማ ቁራጭ እየለቀመ፣ ማታ ሌላው ሲተኛ በዚያች ብርሃን ያነብ እንደነበር ይነገራል። መብራት በሄደ ቁጥር በስልክ ባትሪ ለምናጠና ለእኛ ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም።

የመድፈኛ መኮንን ለመሆን ቢያመለክትም የመኳንንት ዘር አልነበረምና አልተቀበሉትም። ስለዚህ በ1787 ሊመነኩስ ገዳም ገባ። በ1789 ቃለ መሐላ ሳይፈጽም ወጣ። ያ ዓመት የፈረንሳይ አብዮት የፈነዳበት መሆኑን ልብ ይሏል። ወደ ኦክሴር ተመልሶ እያስተማረ በ1793 የከተማዋ አብዮታዊ ኮሚቴ አባል ሆነ። አብዮቱ የራሱን ልጆች መብላት ሲጀምር ለእሱም ተረፈው፤ በ1794 ታሰረ። አንገቱ ከጊሎቲን የተረፈው በዚያው ዓመት በጁላይ ሮቤስፒዬር ሲወድቅና እስረኞች ሲፈቱ ነው። እኛ አገርም አብዮትን ያየ ትውልድ ስላለ ይህን ምዕራፍ ማብራራት አያስፈልገኝም።

በ1795 ፓሪስ ውስጥ በተከፈተው የመምህራን ትምህርት ቤት ገባ። አስተማሪዎቹ ላግራንዥ፣ ላፕላስና ሞንዥ ነበሩ። እነዚህን ሦስት ስሞች ያዙልኝ፣ በኋላ ይመለሳሉ። ቀጥሎ በኤኮል ፖሊቴክኒክ አስተማሪ ሆነና በ1797 የላግራንዥን ወንበር ወረሰ። ገና 29 ዓመቱ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ናፖሊዮን ወደ ግብፅ ሲዘምት ከወሰዳቸው ምሁራን አንዱ ሆኖ ሄደ፣ ካይሮ ውስጥ የተቋቋመው የግብፅ ኢንስቲትዩትም ጸሐፊ ሆነ። በ1801 ሲመለስ የፈለገው ወደ ክፍሉና ወደ ጥቁር ሰሌዳው መመለስ ነበር፤ ናፖሊዮን ግን ኢዜር የሚባለውን አውራጃ እንዲያስተዳድር ወደ ግሬኖብል ላከው። ከ1802 እስከ 1815 አውራጃ አስተዳደረ። የቡርግዋንን ረግረግ አስጠፈፈ፣ ከግሬኖብል ወደ ቱሪን የሚወስደውን መንገድ አስጀመረ፣ በጎን ስለ ግብፅ ለተዘጋጀው ትልቅ መጽሐፍ የታሪክ መቅድም ጻፈ። በነገራችን ላይ ኋላ የግብፅን ሂሮግሊፍ የፈታው ሻምፖሊዮን ያኔ ግሬኖብል የሚማር ልጅ ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ሒሳቡን የሠራው በዚህ ሁሉ የቢሮ ሥራ መሐል መሆኑ ነው። የያዘው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ አንድ የብረት ዘንግ አንዱ ቦታ ሞቆ ሌላው ቦታ ቢቀዘቅዝ፣ ሙቀቱ ከጊዜ ጋር እንዴት ይሰራጫል? ይህን ለመረዳት የኤሌክትሪክ ምጣድን ማሰብ ይበቃል። ምጣዱ ሲሰካ ሽቦው ባለበት መስመር ይግላል፣ በመስመሮቹ መሐል ግን ቀዝቀዝ ይላል። ሶኬቱ ሲነቀል መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ጥቃቅን የመስመር ልዩነት ነው። የምጣዱ አንድ ጎን ከሌላው ጎን የበለጠ ግሎ ከሆነ ግን ያ ትልቅ ልዩነት ቶሎ አይጠፋም።

ፉሪዬ ይህን በሒሳብ አስቀመጠው። ማንኛውም የሙቀት አቀማመጥ የብዙ ሳይን ሞገዶች ድምር ነው፤ ረጅም ሞገድ አለ፣ አጭር ሞገድ አለ፣ እያንዳንዱም በራሱ ፍጥነት ይከስማል አለ። ርዝመቱ ግማሽ የሆነ ሞገድ አራት እጥፍ ፈጥኖ ይከስማል። ርዝመቱ አንድ አሥረኛ ከሆነ መቶ እጥፍ ይፈጥናል። ደቃቁ ቀድሞ ይሞታል፣ ግዙፉ ይቆያል። ይህችን ነገር ለቪዲዮው እንፈልጋታለን።

ዲሴምበር 21 ቀን 1807 ጽሑፉን ፓሪስ ላቀረበ ጊዜ መርማሪ ሆነው የተመደቡት ላግራንዥ፣ ላፕላስ፣ ሞንዥና ላክሯ ነበሩ። ሦስቱ የራሱ አስተማሪዎች መሆናቸው ነው። ላግራንዥ አልተቀበለውም። ተቃውሞው የምቀኝነት አልነበረም፣ ቁም ነገር ነበረው። ሳይን ለስላሳ ነው፤ የትም ቦታ አይቆረጥም፣ አይሰበርም። ታዲያ ለስላሳ ነገሮችን እየደመሩ እንዴት ድንገት የሚዘል ነገር ይሠራል? ዜሮ የነበረ ድንገት አንድ የሚሆንበት፣ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ዝላይ ከለስላሳ ሞገዶች ድምር ይገኛል ማለት ለላግራንዥ የማይዋጥ ነበር። ጽሑፉ ሳይታተም ቀረ።

እንግዲህ ወደ ኮምፒውተራችን እንምጣ። የቪሲዲ ምስል 352 በ288 ፒክሰል ነው፤ በሴኮንድ 25 ፍሬም ያሳያል። ሳይጨመቅ ቢቀመጥ በሴኮንድ ወደ 30 ሚሊዮን ቢት ይፈጃል። ቪሲዲ ለምስሉ የሚሰጠው ግን 1.15 ሚሊዮን ቢት ብቻ ነው። 26 እጥፍ ገደማ መቀነስ አለበት ማለት ነው። ከፊሉ ቅነሳ የሚገኘው ከፍሬም ወደ ፍሬም የተለወጠውን ብቻ በመጻፍ ነው። ሌላው የፉሪዬ ነው። ምስሉ ስምንት በስምንት ፒክሰል ወደሆኑ ብሎኮች ይቆራረጣል፤ የእያንዳንዱ ብሎክ 64 ቁጥሮች ወደ 64 ሞገዶች ይለወጣሉ። የመጀመሪያው ቁጥር የብሎኩ አማካይ ብርሃን ነው፣ የተቀሩት ከረጅም እስከ አጭር ሞገድ ናቸው። ከዚያ እያንዳንዱ ቁጥር ተካፍሎ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ይጠጋጋል። አካፋዩ 20 ነው እንበል። 118 የነበረው ሞገድ 6 ይሆናል፤ ሲመለስ 120 ይወጣል፣ ብዙም አልተጎዳም። 7 የነበረው ደቃቅ ሞገድ ግን ዜሮ ይሆናል። ዜሮ ሲመለስም ዜሮ ነው። ከላይ እንዳልኩት ደቃቁ ቀድሞ ይሞታል፣ ምጣድ ላይም ፋይል ላይም።

ቢትሬት ሲያንስ አካፋዩ ያድጋል። በመጨረሻ ከብሎኩ የሚተርፈው አማካዩ ብቻ ይሆናል፤ ያኔ ግድግዳው፣ ሰማዩ፣ የሙሽራዋ ቬሎ በአራት ማዕዘን ይከፋፈላል። ጓደኞቼ ሴራሚክ የሚሉት ይህን ነው። መድኃኒቱ ሲቀየር ቢትሬት መጨመር ወይም ጥራትን የሚወስነውን ቁጥር ማስተካከል ነው። ኤክስ264 በሚባለው ኢንኮደር ሲአርኤፍ የሚሉት ቁጥር ካልነኩት 23 ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራት ይጨምራል። እኔ ለካሴት 18 እጠቀማለሁ። ኤች.264 የብሎኮቹን ድንበር የሚያለሰልስ ማጣሪያ በውስጡ ስላለው ቢትሬት ሲያንሰው አራት ማዕዘኑ ጎልቶ አይታይም፣ ይልቅ የሰው ፊት እንደ ሰም ይለሰልሳል። መልኩ ይለያል እንጂ በሽታው ያው ነው።

የላግራንዥ ተቃውሞ ደግሞ ስክሪን ላይ በዓይን ይታያል። ነጭ ነጠላ ላይ ያለ ደማቅ ጥበብ፣ ጥቁር መደብ ላይ የተጻፈ ነጭ ፊደል፣ እነዚህ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያሉ ዝላዮች ናቸው። ዝላይን ለመገንባት አጫጭሮቹ ሞገዶች በሙሉ ያስፈልጋሉ። ኢንኮደሩ አጫጭሮቹን ሲጥላቸው የቀሩት ብቻቸውን ዝላዩን መያዝ አቅቷቸው በጠርዙ ግራና ቀኝ ይወዛወዛሉ፤ በፊደሉ ዙሪያ ትንኝ የሚርመሰመስ የሚመስለው ይህ ነው። ዊልብራሃም የሚባል እንግሊዛዊ በ1848፣ ቀጥሎ አሜሪካዊው ጊብስ በ1899 ነገሩን በሒሳብ አሳይተዋል። በተቆረጠ የሞገድ ድምር ላይ የምንጨምረው ሞገድ ቢበዛም በጠርዙ አጠገብ ያለው ትርፍ ከፍታ ከዝላዩ ወደ 9 በመቶ ሆኖ ይቀራል፤ የሚጠበው ስፋቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ፉሪዬ ልክ ነበር፣ ላግራንዥም ያለ ምክንያት አልተጨነቀም። ርምስምሱ ከብሎኩ ድንበር ስለማያልፍ ሁልጊዜ ከጠርዙ አጠገብ ተወስኖ ይገኛል። ምስሉ ሁሉ የሚርመሰመስ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፣ የካሴቱ ኖይዝ ነው።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ኢንስቲትዩቱ የሙቀትን ስርጭት ጉዳይ ለ1811 የሽልማት ውድድር አወጣው። ፉሪዬ ጽሑፉን አስፍቶ ላከና በ1812 መጀመሪያ ሽልማቱን ወሰደ። ዳኞቹ ግን ሽልማቱን ሲሰጡ ማስረጃው ጥብቅነት እንደሚጎድለው አብረው ጻፉ፣ ጽሑፉንም አላሳተሙትም። ሽልማት ሰጥቶ በሩን መዝጋት ምን የሚሉት ነው? በ1815 ናፖሊዮን ከኤልባ ሲመለስ፣ ቀጥሎ ሲወድቅ፣ ፉሪዬ ከሹመቱም ሆነ። ፓሪስ ውስጥ የስታቲስቲክስ ቢሮ ሥራ ያገኘው በድሮ ተማሪው ርዳታ ነው። በ1816 የሳይንስ አካዳሚው ሲመርጠው ንጉሡ አላጸድቅም አለ፤ በ1817 እንደገና ተመርጦ ገባ። በ1822 የአካዳሚው ቋሚ ጸሐፊ ሆነ፣ በዚያው ዓመት የሙቀት ትንተናዊ ንድፈ ሐሳብ የተባለውን መጽሐፉን አወጣ። ከመጀመሪያው ጽሑፍ 15 ዓመት አልፎት ነበር። ጸሐፊ ከሆነ በኋላ ያን የተሸለመና ያልታተመ ጽሑፍ አንድም ፊደል ሳይለውጥ ማለት ይቻላል በአካዳሚው መጽሔት አሳተመው። እኔ በዚህ ደስ ብሎኛል። በሳይን ድምር ጉዳይ መጀመሪያ ጥብቅ ማስረጃ ያቀረበው ዲሪክሌ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሲሆን፣ ያም በ1829 ፉሪዬ በሕይወት እያለ ነው።

በመጽሐፉ ያለው ኢኩዌሽን አንድ ጨካኝ ጠባይ አለው፤ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም። የምጣዱ ሙቀት አሁን ምን እንደሆነ ካወቅን ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሚሆነውን ማስላት እንችላለን። የቀዘቀዘ ምጣድ አይቶ ከአንድ ሰዓት በፊት የሽቦው መስመር የት እንደነበር ማወቅ ግን በተግባር አይቻልም። ደቃቁ ሞገድ ከመክሰሙ የተነሳ የቀረው እጅግ ትንሽ ነው፤ ልመልሰው ስንል የመለኪያችንን ስህተት አብረን እናገዝፋለን። የተጨመቀ ቪዲዮም እንዲሁ ነው፣ እንዲያውም የባሰ፣ ምክንያቱም ዜሮ የሆነው ቁጥር በትንሹም አልቀረም። በዚህ ምክንያት 1.15 ሜጋቢት የሆነን ቪሲዲ በ8 ሜጋቢት ደግሞ መቀየር ፋይሉን ከማሳበጥ በስተቀር ምንም አይጨምርም። አዲሱ ኢንኮደር አራት ማዕዘኖቹን የምስሉ አካል አድርጎ በታማኝነት ይገለብጣቸዋል። ዛሬ ምስል እናጠራለን የሚሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። ጥሩ ይመስላሉ፣ የሚሞሉት ግን ከሌሎች ብዙ ምስሎች የተማሩትን ነው እንጂ የጠፋውን አይደለም። ለጌጥ ይሁን፣ ለሟች አያት ፊት ግን እኔ አልፈቅድም።

ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። አንድ ዘመዳችን የሰርጉን ካሴት ከተማ ወዳለ ስቱዲዮ ወስዶ በቪሲዲ አስገለበጠ። እዚያ ያሉት ከእንግዲህ ካሴቱ አያስፈልግም ብለውት ጣለው። በኋላ ሲዲው ተጫረ፤ ከተጫረው ሲዲ የዳነው ወደ ስልክ ተቀየረ፤ ከስልክ በቴሌግራም ተላከ። በቴሌግራም እንደ ፋይል ካልተላከ በቀር ቪዲዮ እንደገና ይጨመቃል። እኔ ዘንድ ሲደርስ አራት ጊዜ ተጠጋግቷል። በሰርጉ ላይ የነበሩ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ፊት ላይ ዓይን ያለበት ቦታ ጥቁር ነጥብ ብቻ ቀርቷል። ካሴቱ ቢኖር ኖሮ ግን የሻገተም ቢሆን የሚወጣ ነገር አይጠፋም ነበር። ከካሴት የቀየራችሁትን የመጀመሪያ ፋይል፣ ትልቅ ቢሆንም፣ አስቀምጡት። ትንሹን ከእሱ ሥሩ እንጂ ትንሹን ከትንሹ አትሥሩ።

ካሴት ያላችሁ ደግሞ ከመጨመቃችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው ኖይዝ ነው። የአሮጌ ካሴት በረዶ በሞገድ ሲተነተን በሁሉም ሞገዶች ላይ የተበተነ ነው፣ አጫጭሮቹም ላይ ጭምር። ኢንኮደሩ ለፊት የሚገባውን ቢት ለበረዶው ይከፍላል። በለዘብታ ኖይዝ ቀንሳችሁ ብታስገቡት በያው ቢትሬት ፊቱ ይጠራል፤ ካበዛችሁት ግን ቆዳና ፀጉርም አብሮ ይጠረጋል። ሁለተኛው ኢንተርሌስ ነው። እኛ አገር በሚሠራበት የፓል ሥርዓት አንድ ፍሬም በተለያየ ቅጽበት የተነሱ ሁለት ግማሾች ድብልቅ ነው፣ አንዱ ጎዶሎ መስመሮችን ሌላው ሙሉ መስመሮችን ይይዛል። ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። አንድ መስመር ጥቁር፣ አንድ መስመር ነጭ የሚል ምስል ደግሞ በብሎኩ ውስጥ ካሉት ሞገዶች እጅግ አጭሩ ነው፤ ቢት ይበላል፣ ከዚያም ይጣላል። ስለዚህ መጀመሪያ ዲኢንተርሌስ ማድረግ፣ መጠን መቀነስ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሁለቱ ግማሾች ይቀላቀሉና የሚለያቸው አይገኝም።

የፉሪዬ ያልሆኑ በሽታዎችም አሉ። ድምፁ እየቆየ ከምስሉ ከራቀ የፍሬም ቁጥሩን ተመልከቱ። በ24 ፍሬም የተነሳ ፊልም በ25 ሲጫወት አንድ ሰዓቱ በ57 ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ ያልቃል፣ ድምፁ ግን ሰዓቱን ይሞላል። ፋይሉ አልከፈት ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ ችግሩ ማቀፊያው እንጂ ውስጡ ያለው ምስል አይደለም፤ ሳይጨመቅ ማቀፊያውን ብቻ መለወጥ ይቻላል፣ ሴኮንዶች ቢወስድ ነው።

የፉሪዬን ሐሳብ ወደ ብሎክ ያመጣው ሰው ናሲር አሕመድ ይባላል። ሕንድ ተወልዶ አሜሪካ፣ ካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ነበር። በ1972 ለጥናቱ ገንዘብ እንዲሰጠው ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን አመለከተ፤ ሐሳቡ በጣም ቀላል ነው ተብሎ ሳይፈቀድ ቀረ። እሱ ግን ከናታራጃንና ከራኦ ጋር ሠርቶ በ1974 አሳተመው። ጄፔግ፣ ኤምፔግ፣ ዲቪዲ ሁሉ የቆሙት በዚያ ጽሑፍ ላይ ነው። ግጥምጥሞሽ ሆኖ፣ ላግራንዥ ያገደው የ1807ቱ የፉሪዬ ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ የታተመውም በዚያው በ1972 ነው።

ከግብፅ ከተመለሰ ወዲህ ፉሪዬ ብርድ አይችልም ነበር። በበጋም ልብስ ደርቦ፣ ክፍሉን አሙቆ ይቀመጣል። ጋቢ ቢያገኝ ምን ይል እንደነበር አስባለሁ። በ1824 ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ ምድር ከፀሐይ ርቀቷ አንፃር ከሚጠበቀው በላይ የምትሞቀው አየሩ ሙቀት ስለሚያግድ ሊሆን ይችላል ብሎ አስቦ ነበር፤ የአየር ንብረት ሊቃውንት ስሙን የሚያነሱት በዚህ ነው። ሳያገባ ኖረ። በሜይ 1830 መጀመሪያ ደረጃ ላይ ወደቀ፣ ቀድሞም ታምሞ ነበርና ሜይ 16 ቀን ፓሪስ ውስጥ በ62 ዓመቱ ሞተ። ፔር ላሼዝ መካነ መቃብር ተቀበረ።

ስሙ በአይፍል ማማ ላይ ከተቀረጹት 72 ስሞች አንዱ ነው። የትውልድ ከተማው ኦክሴር በ1849 የነሐስ ሐውልት አቁማለት ነበር። ሐውልቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦር መሣሪያ ተብሎ ቀለጠ።